ከመድረክ ወደ መጽሐፍ፤ ሁለት የካምብሪጅ ንግግሮች

በእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ካምብሪጅ ደራሲያን ያሰሟቸው ሁለት ንግግሮች መጽሐፍ ሆነው ዛሬም ያከራክራሉ (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ቨርጂኒያ ዉልፍ በጥቅምት 1928 በኒውንሃምና በገርተን የሴቶች ኮሌጆች ስለ ሴቶችና ልብወለድ ተናገረች። ንግግሮቿ በ1929 ለታተመው መጽሐፏ መሠረት ሆኑ። መከራከሪያዋ፣ ሴት ልብወለድ ለመጻፍ ገንዘብና የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል የሚል ነው። ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው ገና በ1948 ነበር።

ሁለተኛው በ1959 የቀረበው የሪድ ሌክቸር ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዳኛ በሰር ሮበርት ሪድ ስም የተሰየመ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር ነው። ተናጋሪው ሲ.ፒ. ስኖው ሳይንቲስትም የልብወለድ ደራሲም ነበር። የሥነ ጽሑፍ ምሁራንና ሳይንቲስቶች መደማመጥ አቅቷቸዋል፤ ክፍፍሉም የዓለምን ድህነት ለመቅረፍ እንቅፋት ነው ሲል ወቀሰ። ሐያሲው ኤፍ.አር. ሊቪስ በ1962 እዚያው ካምብሪጅ፣ በዳውኒንግ ኮሌጅ፣ በቁጣ መለሰለት።

አዳራሽ የሚይዘው ሰው ውሱን ነው። ሁለቱም ንግግሮች እኛ ዘንድ የደረሱት ታትመው በመቅረታቸው ነው። የንግግር መድረክ የሚያዘጋጅ ተቋም ሁሉ ከወንበሩና ከድምፅ ማጉያው እኩል ለኅትመቱ ቢያስብ፣ በዕለቱ ያልተገኘውም አንባቢ ተካፋይ ይሆናል።