ዜና ዑለማ ዘወሎ በዘመነ ዐፄ ዮሐንስ

በ1863 ዓ.ም. የላስታው ዋግሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተባሉት፣ ዐድዋ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። መንግሥትም ከላስታ ቤት ወጥታ ለትግሬው ካሣ ሆነች፤ እሳቸውም ዐፄ ዮሐንስ ተባሉ። ከላስታ በምሥራቅና በደቡብ ያለው የየጁና የወሎ አገር ያን ጊዜ ደረሳ፣ የእስልምና ተማሪ ማለት ነው፣ የሚቀራበት፣ ዑለማ፣ ሊቃውንቱ ማለት ነው፣ የበዛበት ነበር።

በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አደረጉ፤ ሙስሊሙም እንዲጠመቅ አዋጅ ወጣ። ከወሎ መኳንንት ኢማም መሐመድ ዐሊን ንጉሠ ነገሥቱ ክርስትና አነሷቸው፤ ሚካኤል ተባሉ።

የመኳንንቱ ነገር በዚህ አለቀ። የዑለማው ግን እጅግ ከበደ፤ ሕዝቡ ምን እናድርግ ሲላቸው መልሱን ከኪታብ ማውጣት ነበረባቸውና። በሱረቱ ነሕል ልቡ በእምነት ረግቶ ሳለ የተገደደ ሰው ነጻ እንደሆነ ተጽፏል፤ ሙፈሲሮችም፣ የቁርአን ተርጓሚዎቹ፣ ይህ ስለ ዐማር ኢብን ያሲር ወረደ ይላሉ። በዚህ ቃል የተጠጋው ማተብ አሰረ፣ ሌሊት ግን ሰላቱን ሰገደ፤ ሰዉም የቀን ክርስቲያን የሌት እስላም አለው። በሱረቱ ኒሳእ ደግሞ የአላህ ምድር ሰፊ ሳለች በግፍ ሥር መቅረትን የሚነቅፍ ቃል አለ፤ ብዙው ልጁንና ኪታቡን ይዞ ወደ አርሲ፣ ወደ ጉራጌ፣ ወደ ጅማ ተሰደደ። ሦስተኛው ቃል በሱረቱ ሐጅ ያለው፣ ለተገፉት መዋጋትን የሚፈቅደው ነው። በዚህም ቃል ዓሊሙ ሼኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ጂሃድ አወጁ፤ በዐረብ ፊደል በተጻፈ ዐማርኛ ግጥም ሕዝቡን አስነሡ።

ኪታቡ አንድ ነው፣ አዋጁም አንድ ነው፤ ፍቺው ግን ሦስት ሆነ። እኔ ጸሐፊው ያን የሌት ሰጋጅ ከሃዲ ለማለት አልደፍርም። እርሱ ባይቀር ኖሮ በወሎ ልጆችን ማን ያስቀራ ነበር?

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ግዳጁም ላላ፤ በስውር ይቀራ የነበረው ወደ አደባባይ ወጣ።

በዚያ ዘመን ቃሉን የሚፈታ ዓሊም ብቻ ነበር፤ ገበሬው ትምህርቱን በመንዙማ፣ በመንፈሳዊ ግጥም፣ ይሰማ ነበር እንጂ ኪታቡን አያነብም። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግን ሐጂ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ቁርአንን በንጉሡ ትእዛዝ ወደ ዐማርኛ መለሱት፤ በ1961 ዓ.ም. ታተመ። ከዚያ ወዲህ ፊደል የቆጠረ ሁሉ የነሕልን ቃል በገዛ ዓይኑ አየው፤ ወደ ዓሊሙም ሄዶ ፍቺው ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ይጠይቅ ጀመር።