ባሌስትራ ይጨመርልኝ

ሰሞኑን ፒክአፕ ያለው የአዲስ አበባ ወጣት ሁሉ መኪናውን ወደ ሰማይ እያስጠጋ ነው። ደብል ጋቢናው ሃይሉክስ ከፍ ይላል፣ ጎማው ይገዝፋል፣ ከፊት ወፍራም የብረት ፓራውልት፣ ከላይ ፖርቶመጋላ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ድንኳን፣ ከድንኳኑ ፊት ደግሞ ሠርግ ቤት የሚያደምቅ የመብራት ድርድር… ከዚህ ሁሉ ዝግጅት በኋላ ጉዞው ወደ ቢሾፍቱ ነው። ያውም በፍጥነት መንገዱ!

ለማፌዝ አይደለም የተነሳሁት። መኪናን ፈታትቶ ለመጥፎ መንገድ እንደገና መሥራት ድንቅ ሙያ ነው። የማይዋጥልኝ ነገሩን ትናንት ከዱባይ የመጣ ፋሽን ማስመሰላችን ነው። ይህ ሙያ እዚህ አገር የአያቶቻችን ዕድሜ አለው። ታሪኩን ለማየት ደግሞ አዊን የሚያህል ቦታ ያለ አይመስለኝም፤ እንጅባራና ዳንግላ፣ ክረምቱ የሚበረታበት፣ ቀይ አፈሩ ሲረጥብ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትትበት፣ ሰዉ ዛሬም በፈረሱ የሚኮራበት አገር።

አገራችን የመጀመሪያውን መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘች መኪናውን ከጅቡቲ ተነስቶ ለምኒልክ አመጣት። «ነድቶ አመጣት» ለማለት አፌ አልደፈረም፤ በየቦታው ሰው እየገፋትና እየጎተታት ነው የመጣችው። ጎጃም ግን ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ የበቅሎ አገር ሆኖ ቆየ። እንግሊዞች ዳንግላ ላይ ቆንስላ ነበራቸው (አዎ፣ ዳንግላ!)፤ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺስማን ጣናን ዞሮ የዓባይን ሸለቆ ካርታ ያነሳው በበቅሎና በእግሩ ነው።

አሁን ወደ 1932 ዓ.ም. እንምጣ። በዚያ ዓመት ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች ተፈጠሩ። አንደኛው እዚሁ አዊ ውስጥ ነው፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ተመሠረተ፣ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚታየው የፈረስ ትርኢት የእርሱ ነው። ሁለተኛው ግብፅ ውስጥ ነው። ራልፍ ባግኖልድ የሚባል የእንግሊዝ መኮንን በሊቢያ በረሃ ውስጥ ከጣሊያን ጦር ጀርባ የሚገባ ቡድን አቋቋመ፤ ለዚህም አንድ ቶን ተኩል የሚጭኑ ሸቭሮሌ ካሚዮኖችን ሰበሰበ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉልኝ፤ ዛሬ «ሞዲፋይ» የምንለው ነገር አባት ይህ ሰው ነው ብል ብዙም አልዋሽም። ካሚዮኖቹ አራቱም ጎማቸው የሚገፋ እንኳ አልነበሩም፤ የሚገፋው የኋላው ብቻ ነው። ባግኖልድ ምን አደረገ? መጀመሪያ አወለቀ። በሩን አወለቀ፣ ጣሪያውን አወለቀ፣ የፊት መስታወቱን አወለቀ። ከዚያ በኋላ ነው ባሌስትራ የጨመረው። ራዲያተሩ ሲፈላ የሚወጣውን እንፋሎት በቱቦ ወደ ውሃ ጣሳ እየመለሰ ውሃ ቆጠበ፤ ሰፋፊ ጎማ አጥልቆ ነፋሱን ቀነሰለት፤ አሸዋ ውስጥ ሲሰምጥ ከጎማው ሥር የሚነጠፍ የብረት መረማመጃ በጎኑ አንጠለጠለ። እያንዳንዱ የወለቀ ኪሎ የቤንዚንና የውሃ ቦታ ሆነ።

የዚያው ጦር ሌላው እጅ በጥር 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ይዞ በኦሜድላ በኩል ገባ። አዛዡ ዊንጌት ነበር (አዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤት ስሙን የወሰደው ከእርሱ ነው)። መኪና ይዘው ነበር፤ ከኦሜድላ ወደ በለያ ተራራ በሚወስደው መንገድ አልባ ቆላ ግን ገደሉና ቁጥቋጦው አሸነፋቸው። ዕቃው በአብዛኛው በግመል ነበር የሚጓዘው፤ ብዙ ሺህ ግመሎች ነበሩ፤ ደጋው ላይ ሲደርሱ ብርዱንና ዳገቱን አልቻሉትም፤ አብዛኞቹ አለቁ። ጣሊያኖች በየካቲት ዳንግላንና እንጅባራን ለቀው ሲወጡ መንገዱን ያሸነፈው እግረኛና የጋማ ከብት ነበር። በረሃ ላይ ተዓምር የሠራ መኪና እዚህ ምን ይሠራ እንደነበር እንጃ፤ ለአሸዋ የተሠራ ሰፊ ጎማ እርጥብ ቀይ አፈር ላይ መንሳፈፍ ነው ሥራው።

ጣሊያን ሲወጣ የተወልን መንገድና ድልድይ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋም ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፣ ጋቢና፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ… ሊብሬና ቦሎ ሳይቀሩ የእርሱ ናቸው። መኪኖቹም ቀሩ። ፊያት 634ን ሰዉ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች «ትሬንታ ኳትሮ» ብሎ ጠራው፤ በኋላ የመጣውን 682 ኤን 3 ደግሞ «ኤንትሬ»። የእኛ የሙያ ታሪክ የሚጀምረው በእነዚህ ሥር ተጋድሞ ከነበረው መካኒክ ነው።

መካኒኩ ምን ተጠየቀ? «ባሌስትራ ይጨመርልኝ።» ባለንብረቱ የፈለገው ወጣ ያለ ቦታ ሄዶ ማደር አይደለም፤ ተጨማሪ ኩንታል መጫን ነው። ባሌስትራ የተደራረበ የብረት ቅጠል ስለሆነ ከተሰበረ ሌላ መኪና ቅጠል ነቅሎ መደረብ ይቻላል። (ጨርሶ ያረጀው ደግሞ ቀጥቃጭ እጅ ይገባና ማረሻና ቢላ ይሆናል።) በደርግ ዘመን ፒክአፕ ጀርባው ላይ ጣሪያና ሁለት ፊት ለፊት የተያዩ አግዳሚዎች ተሠሩለትና ታክሲ ሆነ፤ ተሳፋሪው ተፋጦ ስለሚቀመጥ፣ ዘመኑም የውይይት ክበብ ዘመን ስለነበር «ውይይት» ተባለ። ቀጥሎ የአይሱዙ የጭነት መኪና ላይ በመዶሻና በብየዳ የአውቶቡስ አካል እየተሠራ «ቅጥቅጥ» መጣ። ይኸው አይሱዙ በአደጋው ብዛት «አልቃይዳ» የሚል ስም እንደወጣለት ታስታውሳላችሁ። ፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ማክሰል ሲይዝ ያን ከሰል ከስፖንዳ በላይ ቆልሎ የሚያወጣውም እርሱው ነው።

እንግዲህ ነገሬ ይኸው ነው። እኛ መቶ ዓመት ያህል መኪና የቀየርነው ለመጨመር ነው፤ ተጨማሪ ኩንታል፣ ተጨማሪ ሰው። የገጠሩን ሰው ገበያ ያደረሰው፣ በሽተኛውን ሆስፒታል ያገባው ይኸው ስለሆነ አልነቅፈውም። ብዙ ሰው የገደለውም ይኸው ነው። ለሽርሽር የሚቀይረው የዛሬው ወጣት ግን የሚጭነው ኩንታል ሳይኖረው የመጨመሩን ልማድ ወረሰ። ባዶ ፒክአፕ ላይ ባሌስትራ ሲጨመር የኋላው ይደርቃል፤ ጉድጓድ ላይ አንዱ ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና የሚገፋው መሬት ያጣል። ጣሪያ ላይ የተከመረው ክብደት ደግሞ ጎን ለጎን በሚያዘነብል መንገድ ላይ መኪናውን የሚገለብጠው ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ጎማው ነው። ከፋብሪካው የገዘፈ ጎማ ሲገባ የፍጥነት መቁጠሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ፍሬኑም የቀድሞውን ያህል አይዝም። ከአዲስ አበባ ወደ እንጅባራ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ መውረዱ አይቀርም፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ እየተጠማዘዘ። አዲሱ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ሲመረቅ ወንዙን መሻገር ቀለለ፤ ቁልቁለቱ ግን እንዳለ ነው።

በክልሉ በ2015 ዓ.ም. ግጭት ከተነሳ ወዲህ ወደዚያ ለሽርሽር የሚነዳ ሰው መቀነሱ አይደንቅም። ሰላም ሲሆን ዘንገና ሐይቅ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ሶማሌ ተራ የሚሸጠውን ሁሉ ከመግዛት ጥሩ የጭቃ ጎማ በፋብሪካው ልክ፣ የታደሰ ፍሬን፣ አካፋና መጎተቻ ገመድ ያዙ። ፖርቶመጋላውን አውርዱት። ድንኳኑን መሬት ላይ ትከሉት፤ እንጅባራ ሣር ሞልቷል።