የስትሪንግ ኢንፍሌሽን

የስትሪንግ ኢንፍሌሽን ማለት ጽንፈ ዓለም በመጀመሪያው ቅጽበት ያደረገውን እጅግ ፈጣን መስፋፋት (ኢንፍሌሽን ወይም ግሽበት) በስትሪንግ ቲዎሪ፣ ማለትም በክር ኅልዮት፣ ለማስረዳት የሚሞክሩ ሐሳቦች የጋራ ስም ነው።

መነሻ

የኢንፍሌሽንን ሐሳብ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አለን ጉዝ በ1981 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በሐሳቡ መሠረት ኅዋ ከሰከንድ እጅግ ጥቂት ክፍልፋይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 10²⁶ እጥፍ ገደማ ተለጥጧል። ይህም ከሰማይ አቅጣጫዎች ሁሉ የሚደርሰን ጥንታዊ የማይክሮዌቭ ጨረር ሙቀቱ (2.7 ኬልቪን ገደማ) በየቦታው ተመሳሳይ የሆነበትን ምክንያት ያስረዳል፤ ልዩነቱ ከ100,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነውና። ነገር ግን ኅዋን የለጠጠው «ኢንፍላቶን» የተባለው መስክ ከምን እንደመጣ ሐሳቡ ብቻውን አይናገርም። ስትሪንግ ቲዎሪ ሊመልስ የሚሞክረው ይህን ጥያቄ ነው።

ዋና ሐሳቦች

በስትሪንግ ቲዎሪ ኅዋና ጊዜ በድምሩ 10 ልኬቶች አሏቸው። ከነዚህ 6ቱ እጅግ ትንንሽ ሆነው የተጠቀለሉ ስለሆኑ አይታዩም።

• የብሬን ኢንፍሌሽን፦ ጂያ ድቫሊ እና ሄንሪ ታይ በ1998 እ.ኤ.አ. አቀረቡት። ብሬን በቲዎሪው ውስጥ እንደ ሉህ የተዘረጋ ነገር ነው። ሁለት ብሬኖች በተጠቀለሉት ልኬቶች ውስጥ ሲሳሳቡ በመካከላቸው ያለው ርቀት የኢንፍላቶንን ሥራ ይሠራል። ሲጋጩ መስፋፋቱ ያበቃል፤ ጉልበቱም ወደ ሙቀትና ቁስ አካል ይለወጣል።

• አክሲዮን ሞኖድሮሚ፦ ኢቫ ሲልቨርስታይን እና አሌክሳንደር ዌስትፋል በ2008 እ.ኤ.አ. አቀረቡት። መስኩ በክብ ይዞራል፤ ሆኖም እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ በዞረ ቁጥር ዝቅ ስለሚል ረጅም መንገድ በዝግታ ሊወርድ ይችላል።

ችግሮች

ኢንፍሌሽን በቂ ጊዜ እንዲቆይ የኢንፍላቶን ጉልበት በዝግታ መቀነስ አለበት። የተጠቀለሉት ልኬቶች መጠንም መርጋት ይኖርበታል። ካቹሩ፣ ካሎሽ፣ ሊንዴ እና ትሪቬዲ በ2003 እ.ኤ.አ. ልኬቶቹን የማርጊያ ዘዴ አቀረቡ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ግን ይህ ማርጊያ ራሱ የብሬኑን ቁልቁለት ሊያከብደው እንደሚችል አሳየ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኩምሩን ቫፋና ባልደረቦቹ እንዲህ ያለ የረጋ አዎንታዊ ጉልበት በስትሪንግ ቲዎሪ አይገኝም የሚል ግምት አቀረቡ። ክርክሩ አልተቋጨም።

ፍተሻ

ኢንፍሌሽን የስበት ሞገዶችን እንደፈጠረ ይገመታል። ሞገዶቹ በማይክሮዌቭ ጨረሩ ላይ አሻራ ሊተዉ ስለሚችሉ በደቡብ ዋልታ ያሉ ቴሌስኮፖች ይፈልጓቸዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. ተገኘ የተባለው ምልክት በአብዛኛው ከጋላክሲያችን አቧራ የመጣ ሆኖ ተገኘ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ልኬት የሞገዶቹን ድርሻ (r) ከ0.036 በታች አደረገው። የመጀመሪያው አክሲዮን ሞኖድሮሚ 0.07 ገደማ ተንብዮ ስለነበር ከዚህ ልኬት ጋር አይስማማም። አብዛኞቹ የብሬን ሞዴሎች ግን እጅግ ደካማ ሞገድ ስለሚጠብቁ በዚህ መንገድ አልወደቁም፤ አልተረጋገጡምም።