በአምስተርዳም ከተማ ስላለችው የሜኖናውያን ማኅበር ታሪክ
(ከቆሮንቶስ መጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 1 ሐተታ ጋራ የተጨመረ)

ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን በመምህሮቻቸው ስም ስለ ተከፋፈሉ የወቀሰበትን ቃል ስንተረጕም፣ ነገሩ በቆሮንቶስ ብቻ የቀረ አይደለምና፣ በሆላንድ አገር በአምስተርዳም የሆነውን ለአንባቢ ልናመለክት ወደድን። የዓመቱ ቍጥር ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ሜኖናውያን የተጠሩት በሜኖ ሲሞንስ ስም ነው። ይህ ሰው በፍሪስላንድ፣ ዊትማርሱም በሚባል መንደር የሮማ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበረ፤ በ1536 ዓ.ም. ክህነቱን ትቶ ከእነርሱ ጋራ ተባበረ። ትምህርታቸውም፦ አምኖ በአፉ የመሰከረ እንጂ ሕፃን አይጠመቅም፤ ክርስቲያን ሰይፍ አይመዝም፤ መሐላም አይምልም የሚል ነው። ወንዱን በ40 ሴቲቱን በ80 ቀን ለምናጠምቅ ለእኛ የመጀመሪያው ነገር እንግዳ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ ግን የሆነውን ይጽፋል።

ሜኖ ከመነሣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1535 ዓ.ም. በሜይ ወር፣ ዳግመኛ ከሚያጠምቁት ወገን የሆኑ ጨካኞች መሣሪያ ይዘው በሌሊት የአምስተርዳምን የሸንጎ ቤት ያዙ፤ ከከተማው ሹማምንትም አንዱን ገደሉ። በማግሥቱ ድል ሆኑ፤ የተያዙትም በሞት ተቀጡ። ከዚያ ወዲህ ሰይፍ ያልነካውም ሁሉ እንደ ወንበዴ ተቈጠረ፤ በእሳት የተቃጠለውና በውሃ የሰጠመው ብዙ ነው። ሜኖም ሰይፍን አጥብቆ መከልከሉ አንድም ስለ ወንጌል ቃል ነው፤ አንድም ወገኖቹን ከእነዚያ ሰዎች ነቀፋ ለመለየት ነው።

በ1578 ዓ.ም. ከተማይቱ ወደ ተሐድሶዎች እጅ በገባች ጊዜ መገደሉ ቀረ። ሆኖም በግልጥ ማምለክ የተፈቀደው ለካልቪን ተከታዮች ማኅበር ብቻ ነበረ። ስለዚህ ሜኖናውያን በ1608 ዓ.ም. ሲንግል በሚባለው የውሃ ቦይ አጠገብ፣ ከቤቶች በስተ ኋላ ተሰውሮ ግንብም ደወልም የሌለው የጸሎት ቤት ሠሩ። በአጠገቡ የበግ ምልክት የተሰቀለበት የጠላ መጥመቂያ ነበረና ማኅበራቸው በበግ ስም ተጠራች። በግ ማለት አንድም መጥምቁ ዮሐንስ ያመለከተው ነው እንዳንል፣ ስሙ የወጣው ከጠማቂው ቤት ነው።

በ1639 ዓ.ም. ቀድሞ የተለያዩት የፍላንድር፣ የፍሪስላንድና የጀርመን ወገኖች በዚሁ ቤት አንድ ሆኑ። አንድነቱ ግን 25 ዓመት ብቻ ቈየ።

ከሰባኪዎቹ አንዱ ጋሌኑስ አብርሃምስ፣ ዛሬ በምድር ላይ ያለች ማናቸዪቱም ማኅበር የሐዋርያትን ማኅበር ሥልጣን ለብቻዋ ይዣለሁ ማለት አትችልም ብሎ በ1657 ዓ.ም. ጻፈ። እንዲህ ከሆነ የሃይማኖት መግለጫው የሰው ጽሕፈት ሆኖ ሕሊናን አያስርም ማለት ነው። ሳሙኤል አፖስቶል የሚባለው ሁለተኛው ሰባኪ ደግሞ፣ አባቶች የተስማሙበት መግለጫ ከላላ የሥላሴ ትምህርትም ይናወጣል ብሎ ተነሣ። የአፖስቶል ፍርሃት ከንቱ ነበረ አንልም፤ ድንበር የሌለው እርሻ ማንም ያርሰዋልና። ሁለቱም ሐኪሞች ነበሩ፤ የሥጋን ቍስል ለመጠገን የተማሩ ሰዎች የማኅበራቸውን ቍስል መጠገን አልተቻላቸውም። የስድብ ጽሕፈት ከዚህም ከዚያም ታተመ፤ ሰይፍ የማይመዙት ሰዎች በብዕር ተዋጉ፤ የከተማው ሰውም የበጎች ጦርነት ብሎ ቀለደባቸው።

በ1664 ዓ.ም. አፖስቶል ብዙ መቶ ሰው አስከትሎ ወጣ፤ ፀሐይ በሚባል ቤትም ተሰበሰቡ። ከዚህ በኋላ አንዱ የበግ፣ ሌላው የፀሐይ ወገን ተባለ፤ በቆሮንቶስ የጳውሎስና የአጵሎስ እንደ ተባለ ማለት ነው። ስሞቹ ግን የመምህራን እንኳ አይደሉም፣ የቤት ምልክት ናቸው።

በምጽዋት ነገር ግን አልተለያዩም። የበርን መንግሥት በስዊስ አገር የነበሩትን ወንድሞቻቸውን ባሳደደ ጊዜ፣ በ1711 ዓ.ም. ስደተኞቹ በመርከብ አምስተርዳም ደረሱ፤ የበግም የፀሐይም ሰዎች በአንድነት ገንዘብ አዋጥተው ተቀበሏቸው። የበግ ወገን በ1735 ዓ.ም. የሰባኪዎች ትምህርት ቤት አቆመ።

በ1796 ዓ.ም. የሆላንድ መንግሥት የአንዱን ማኅበር ብልጫ ሽሮ ሃይማኖቶችን ሁሉ በሕግ አስተካከለ። በ1801 ዓ.ም. የፀሐይ ሰዎች ወደ ሲንግል ተመልሰው ከበግ ሰዎች ጋራ አንድ ሆኑ፤ መለያየታቸው 137 ዓመት ሆኖት ነበር። የተጣሉት ሁሉ ሞተዋል፤ የተጣሉበት ጥያቄ ግን ሲፈታ አልታየም። የጸሎት ቤቱ እስከ ዛሬ ከቤቶቹ ኋላ አለ፤ ማኅበሩም ይሰበሰብበታል።