የዌስትላንድስ ስቴጅ

በናይሮቢ ምዕራባዊ ክፍል በምትገኘው ዌስትላንድስ ማታቱ፣ ማለትም በግለሰቦች ባለቤትነት የሚንቀሳቀሰው የሕዝብ ሚኒባስና አውቶቡስ፣ የሚቆምበት ስፍራ «ስቴጅ» ይባላል። ይኸው የእንግሊዝኛ ቃል በሌላው ዓለም ከሁሉ በፊት የቴአትር መድረክን፣ ቀጥሎም የሥራን ወይም የሕመምን ደረጃ የሚያሳስብ በመሆኑ፣ መንገድ ዳር እንዴት ሊወርድ እንደቻለ መከታተል የከተማይቱን የትራንስፖርት ታሪክ ከሥሩ መከታተል ነው።

የቃሉ መነሻ መቆምን የሚገልጽ የላቲን ግስ ሲሆን፣ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ሲደርስ የቤትን ፎቅ፣ እንዲሁም ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራን መቆሚያ ያመለክት ነበር፤ የተዋንያኑም መድረክ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ መንገደኛ የሚያመላልሱ ሠረገሎች ፈረስ እየቀየሩ ይጓዙ ስለነበር፣ ከአንዱ መቀየሪያ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ስቴጅ፣ ሠረገላውም «ስቴጅ ኮች» ተባለ። ባቡር ሠረገሎቹን ከጥቅም ውጭ ቢያደርጋቸውም ስያሜው በሕግ ቋንቋ ተጠብቆ ቆየና፣ በ1930 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) የወጣው የብሪታንያ የመንገድ ትራፊክ ሕግ በየመንገዱ እያወረደና እያሳፈረ ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ ሒሳብ የሚሰበስበውን አውቶቡስ «ስቴጅ ካሬጅ» ብሎ መደበው፤ ታሪፍ የሚሰላበት የመስመር ክፍልም «ፌር ስቴጅ» ይባል ነበር። ቃሉ ናይሮቢ የገባው በዚህ የሒሳብ ትርጉሙ፣ ከ1934 ጀምሮ በከተማይቱ ከተሰማሩት አውቶቡሶች ጋር ሳይሆን አይቀርም።

በቅኝ አገዛዝ ዘመን የናይሮቢ ሰፈሮች በዘር የተከፋፈሉ ነበሩ። ምዕራቡና ሰሜናዊ ምዕራቡ በዋናነት የአውሮፓውያንና የእስያውያን መኖሪያ ሲሆን፣ «ኪፓንዴ» የተባለውን የመታወቂያ ወረቀት እንዲይዝ የሚገደደው አፍሪካዊ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ በምሥራቁ ክፍል፣ በኢስትላንድስ፣ ይኖር ነበር። ስለዚህ ዌስትላንድስ ላይ አውቶቡስ መጠበቅ በአብዛኛው የአካባቢው ነዋሪ ሳይሆን ሊሠራ መጥቶ የሚመለሰው ሰው ዕጣ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት መኪና ነበረው።

ሕጋዊው የአውቶቡስ አገልግሎት የማያዳርሰውን ሕዝብ ማመላለስ የጀመሩት ማታቱዎች ስማቸውን ያገኙት በኪኩዩ ቋንቋ ሦስት ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ይህም የመጀመሪያ ዋጋቸው የነበረው ሦስት ባለ አሥር ሳንቲም ነው። በ1973 ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ያለ ትራንስፖርት ፈቃድ እንዲሠሩ እስከ ፈቀዱ ድረስ ሥራቸው ሕገ ወጥ ነበርና መቆሚያ የሚሰጣቸው አልነበረም፤ ሰው በተሰበሰበበት ይቆማሉ፣ እነርሱ በሚቆሙበትም ሰው ይሰበሰባል። የስቴጅ ትርጉም ከርቀት ወደ ቦታ የዞረው እዚህ ላይ ይመስላል፤ የተወሰነ ታሪፍ የሚቆጥር መለኪያ የነበረው ቃል ታሪፍ በጩኸት የሚነገርበት ስፍራ ሆነ። ማካንጋ የሚባለው ረዳት የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየመታ «ታኦ! ታኦ!» እያለ ወደ መሀል ከተማ የሚሄደውን ይጠራል፤ ዝናብ ከጣለ ዋጋው ወዲያው ይጨምራል። ለአዲስ አበባ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ወረፋን፣ የታክሲ መነሻን፣ የመርካቶን ሚስማር ተራ፣ አልፎም ተራውን ሰው የሚጠራበት «ተራ» የተባለ ቃል በእጁ አለና።

በዌስትላንድስ አልፎ ወደ ሊሙሩ አቅጣጫ የሚወስደው ዋያኪ ዌይ የቃሉን የቴአትር ፍቺም ያስታውሳል። በሊሙሩ ካሚሪዙ መንደር ገበሬዎችና ሠራተኞች በ1977 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በኪኩዩ የጻፉትን ተውኔት ራሳቸው በሠሩት ጣሪያ አልባ መድረክ አሳዩ፤ መንግሥት ትርዒቱን አገደ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎን አሰረ፣ በ1982ም መድረኩን አፈረሰው። ሕዝብ በራሱ ፈቃድ የሚሰበሰብበትን ስቴጅ ባለሥልጣናት በጥርጣሬ ማየታቸው ለመንገድ ዳሩም ለተውኔቱም ሠርቷል።

የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ በ2004 ሥራ ላይ ያዋሉት ደንብ በማታቱ ላይ የመቀመጫ ቀበቶን፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚገታ የፍጥነት መቆጣጠሪያንና በጎኑ ዙሪያ ቢጫ መስመርን ግዴታ ቢያደርግም፣ መኪናውን እንጂ መቆሚያውን አልለወጠም። በ2014 የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ ተቋማት ጋር የማታቱ መስመሮችን ካርታ ሲያወጣ፣ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ስልክ ይዘው በመሳፈር በመንግሥት የተመደቡትንም ያልተመደቡትንም መቆሚያዎች መመዝገብ ነበረባቸው፤ ተሳፋሪው ሲያውቀው የኖረውን ካርታው ዘግይቶ ደረሰበት።

በኋላ የመጡት የቦዳ ቦዳ፣ ማለትም ሰው የሚያሳፍሩ ሞተር ሳይክሎች፣ ነጂዎች ቃሉን አንድ እርምጃ ወስደውታል። ለእነርሱ ስቴጅ የመንገዱ ማዕዘን ብቻ ሳይሆን እዚያ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ማኅበርም ነው፤ ሊቀመንበር አለው፣ አባላቱ መዋጮ ያወጡለታል፣ አዲስ ነጂም እዚያ ለመሥራት በነባሮቹ ዘንድ ተቀባይነት ማግኘት አለበት።