ድምፅ ከራስ በላይ፦ የጣሪያ ድምፅ ማጉያ ከአደባባይ አዳራሽ እስከ መኖሪያ ቤት ሳሎን

ድምፅ ሁልጊዜ መገኛ ቦታ አለው። ነጎድጓድ ከሰማይ፣ ኮቴ ከምድር፣ የተጣሪ ድምፅ ከፊት ወይም ከኋላ ይመጣል። የሰው ልጅ አንድን ድምፅ ሲሰማ «ምንድን ነው?» ብቻ ሳይሆን «ከወዴት ነው?» ብሎም ይጠይቃል፤ ከአደጋ የሚያመልጠውም፣ ወዳጁን በጨለማ የሚያገኘውም የሁለቱን ጥያቄዎች መልስ አጣምሮ ሲያውቅ ነው። ይሁን እንጂ ድምፅን ቀርፆ መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ ከተፈለሰፈ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሁለተኛው ጥያቄ መልስ አላገኘም። የመቶ ሰው ኦርኬስትራም ሆነ የአንድ ሰው ሹክሹክታ፣ ዝናብም ሆነ የፈረስ ግልቢያ በአንድ የሸክላ ማጫወቻ ጡሩምባ አፍ ይወጡ ነበር።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በአድማጩ ዙሪያ ከሚደረደሩት ድምፅ ማጉያዎች በተጨማሪ ሁለት ወይም አራት በኮርኒሱ ላይ የሚተከሉበት የቤት ውስጥ አሠራር ከ2014 ጀምሮ ለዓለም ገበያ ቀርቧል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በፊልሙ ውስጥ የሚዘንበው ዝናብ ከላይ ይዘንባል፤ አውሮፕላኑም በራስ ላይ ያልፋል። ለመሆኑ ይህ አሠራር ከየት መጣ? የዕቃ ሻጮች ብልሃት ብቻ ነውን? ወይስ በኪነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ሥር ያለው ነገር ነው? ታሪኩን ወደ ኋላ ተመልሶ የመረመረ ሁሉ የሚደርስበት አንድ ቁም ነገር አለ። ድምፅን ከላይ የማሰማት ጥበብ የተሳካው የአድማጩ ጆሮ መነሻ በሆነበትና ሥራው ራሱ ከፍታን በፈለገበት ጊዜ ነው፤ የተሰናከለው ደግሞ መሣሪያው ከሥራው ቀድሞ በሄደበት ጊዜ ነው።

የሁለት ወገን ዜማ

ድምፅን በቦታ የማደራጀት ልማድ ከኤሌክትሪክ ዘመን በፊት የነበረ ነው። በአገራችን ታላላቅ አድባራት ቅኔ ማሕሌት ውስጥ ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ሆነው፣ በቀኝ ጌታና በግራ ጌታ እየተመሩ ዜማውን ይቀባበላሉ። በመካከል የቆመ አድማጭ ዜማው ከወገን ወደ ወገን ሲሻገር ይሰማዋል።

በኢጣሊያም በቬኒስ ከተማ፣ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተመሳሳይ ጥበብ በጽሑፍ ኖታ ዳበረ። በ1527 የመዘምራኑ አለቃ ሆኖ የተሾመው አድሪያን ቪላርት በሁለት ለተከፈሉ መዘምራን የተዘጋጁ መዝሙሮችን በ1550 ከሌላ አቀናባሪ ጋር በአንድነት አሳተመ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ጆቫኒ ጋብሪኤሊ በ1597 ባሳተመው ሥራ ዘማሪዎችንና የነሐስ መሣሪያ ነፊዎችን በቡድን በቡድን እየከፈለ አመላለሳቸው። ትይዩ የቆሙት የኦርጋን ሰገነቶችም ለዚህ አመቺ ነበሩ። አቀናባሪው ማን ምን እንደሚዘምር ብቻ ሳይሆን ከየት ቆሞ እንደሚዘምርም ማሰብ ነበረበት። ሕንፃው ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

ከአንድ ጡሩምባ ወደ ሁለት ጆሮ

በ1881 በፓሪስ በተከፈተው የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን፣ ክሌማን አዴር የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ የኦፔራ ቤቱን ዝግጅት በስልክ ሽቦ ወደ ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ አመጣ። ለአንዱ አድማጭ ሁለት መስሚያ ተሰጠው፤ አንዱ ለቀኝ፣ ሌላው ለግራ ጆሮ። አድማጮቹም ዘፋኙ በመድረኩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል በጆሯቸው መከታተል ቻሉ።

ይህ ግኝት በሚገባ ወደ ሥራ የተለወጠው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብለምላይን፣ ኢ.ኤም.አይ. በተባለው ኩባንያ ሲሠራ፣ በታኅሣሥ 1931 የስቴሪዮን መሠረታዊ ሐሳብ የያዘ የፈጠራ መብት ማመልከቻ አቀረበ። ተዋናዩ በሸራው ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲራመድ ድምፁ ከአንድ ቦታ ብቻ መምጣቱ ቅር አሰኝቶት እንደነበር ይነገራል።

ሲኒማው ለጉዳዩ ትልቅ መልስ ለመስጠት የሞከረው በኅዳር 13 ቀን 1940 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። ዋልት ዲስኒ «ፋንታሲያ» የተሰኘውን፣ ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ ሙዚቃውን የመራውን ፊልም ሲያሳይ፣ ድምፁ ከሸራው ጀርባ ብቻ ሳይሆን ከአዳራሹ ዙሪያም ይሰማ ነበር። መሣሪያው ግን እጅግ ውድና ከባድ ከመሆኑም በላይ ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበርና ከጥቂት ከተሞች አልዘለለም።

ጣሪያው ሲናገር

ከፍታ ራሱን የቻለ የጥበብ መሣሪያ የሆነው በሁለት ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽኖች ነው። በ1958 በብራስልስ ለፊሊፕስ ኩባንያ የተሠራው ድንኳን መሰል ሕንፃ ሥራው ለታዋቂው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ የተሰጠ ሲሆን፣ ጠማማ ገጽታ ያላቸውን ግድግዳዎች የነደፈው ያኒስ ዜናኪስ የተባለው መሐንዲስና አቀናባሪ ነበር። ግድግዳው ወደ ላይ ሲወጣ ጣሪያ ይሆናል፤ የት ላይ ግድግዳው አብቅቶ የት ላይ ጣሪያው እንደጀመረ ለመለየት ያስቸግራል። በዚህ ገጽታ ላይ ከ300 በላይ ድምፅ ማጉያዎች ተተከሉ። ኤድጋር ቫሬዝ ያዘጋጀው 8 ደቂቃ ያህል የሚፈጀው «የኤሌክትሪክ ግጥም» የተሰኘ ሥራ በእነዚህ ላይ ተዘዋወረ። ድምፁ በተወሰነለት መንገድ ከአንዱ ማጉያ ወደ ሌላው እየተላለፈ በግድግዳው ይወጣል፤ በተመልካቾች ራስ ላይ አልፎም ይወርዳል። ሕንፃው ኤግዚቢሽኑ ካበቃ በኋላ ፈረሰ፤ ሐሳቡ ግን ቀረ።

በ1970 በጃፓን በኦሳካ የምዕራብ ጀርመን ሕንፃ ሐሳቡን ወደ ፊት ገፋው። ካርልሃይንዝ ሽቶክሃውዘን ሙዚቃውን ያቀረበበት አዳራሽ እንደ ሉል ክብ ሲሆን፣ አድማጮቹ የተቀመጡበት ወለል ድምፅ የሚያሳልፍ ወንፊት መሰል ነበር። 50 የድምፅ ማጉያ ቡድኖች ከታች፣ ከዙሪያና ከላይ ከበቧቸው። የዚህ አዳራሽ ታላቅ ትምህርት አድማጩ የሉሉ እምብርት መሆኑ ነው። መሣሪያው ሁሉ የተለካው ከእርሱ ጆሮ ተነሥቶ ነበር።

የመጀመሪያው መሰናክል

በዚያው በ1970ዎቹ ዓመታት የዙሪያ ድምፅን ወደ መኖሪያ ቤት ለማስገባት የተደረገው ሙከራ አልሰመረም። «ኳድራፎኒክ» የተባለው አሠራር በክፍሉ አራት ማዕዘናት አራት ድምፅ ማጉያዎችን ያቆማል። ነገር ግን ኩባንያዎቹ እርስ በርስ የማይግባቡ አሠራሮችን አወጡ፤ በአንዱ የተቀረፀው ሸክላ በሌላው በሚገባ አይሰማም። ለአራት ማዕዘን ታስቦ የተዘጋጀው ሙዚቃም ጥቂት ነበር። ገዢው ግራ ተጋባ፤ ገበያውም አሥር ዓመት ሳይሞላው ቀዘቀዘ። በአንፃሩ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ማይክል ገርዞን በ1973 ባሳተመው ጥናት ከፍታን ጨምሮ ሙሉ የድምፅ ሉል እንዴት እንደሚቀረፅ አሳየ። በጊዜው ብዙ ተከታይ ባያገኝም፣ ሐሳቡ ቆይቶ ፍሬ አፍርቷል።

ሲኒማው በበኩሉ በ1979 በቀረበው «አፖካሊፕስ ናው» ፊልም የሄሊኮፕተርን ድምፅ በአዳራሹ ዙሪያ አዞረ። በ1992 ደግሞ «ባትማን ሪተርንስ» በዲጂታል 5.1 አሠራር ታየ። ይህም ማለት ሦስት ማጉያ ከፊት፣ ሁለት ከጎንና ከኋላ፣ አንድ ደግሞ ለጎርናና ድምፅ ማለት ነው። ዲቪዲ ይህንኑ ወደ ቤት አስገባው። ሁሉም ግን በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የሚሽከረከር ነበር፤ ጣሪያው ዝም ብሏል።

ጆሮ ከፍታን እንዴት ያውቃል?

ቀኝና ግራን መለየት ቀላል ነው፤ ድምፁ ለአንዱ ጆሮ ቀድሞና በርትቶ ይደርሳል። ፊት ለፊት ያለ ድምፅና ከራስ በላይ ያለ ድምፅ ግን ለሁለቱም ጆሮዎች እኩል ይደርሳሉ። እዚህ ላይ ሥራው የውጪው ጆሮ ነው። እጥፋቶቹ፣ ከራስና ከትከሻ ጋር ተባብረው፣ የድምፁን ቃና እንደ አመጣጡ አቅጣጫ ይለውጡታል፤ አእምሮም ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን ለውጥ ማንበብ ተምሯል። ጀርመናዊው ተመራማሪ የንስ ብላውርት በ1970 አካባቢ ባደረገው ጥናት፣ በ8000 ኸርዝ ዙሪያ ያለ ጠባብ ድምፅ፣ ማጉያው የትም ይሁን የት፣ ከላይ የመጣ መስሎ እንደሚሰማ አረጋግጧል። ከዚህም የተነሣ ቀጭን ቃና የሞላባቸው ድምፆች፣ ማለትም ዝናብ፣ የወፍ ዝማሬና የቅጠል ሹክሹክታ ከፍታቸው በደንብ ይታወቃል፤ የከበሮ ጎርናና ምት ግን ከጣሪያ ይምጣ ከወለል ለመለየት ያስቸግራል።

ከፍታ ወደ ቤት ገባ

የጃፓን ብሔራዊ የብሮድካስት ድርጅት ኤን.ኤች.ኬ. በ2005 በአይቺ ኤግዚቢሽን ያሳየው 22.2 አሠራር ከላይ 9፣ በመካከል 10፣ ከታች 3 ማጉያዎችና ለጎርናና ድምፅ 2 ተጨማሪዎች ነበሩት። በ2012 የቤልጅጉ አውሮ ሦስት ዲ «ሬድ ቴይልስ» በተባለው ፊልም፣ የዶልቢ አትሞስ ደግሞ «ብሬቭ» በተባለው ፊልም ወደ ሲኒማ ቤት ገቡ። ዶልቢ አትሞስ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመኖሪያ ቤት ቀረበ።

የዚህ አሠራር ዋና ለውጥ ድምፁ ለአንድ ለተወሰነ ማጉያ ብቻ አለመቀረፁ ነው። የድምፅ ባለሙያው «ይህች ወፍ እዚህ ከፍታ፣ በዚህ አቅጣጫ ናት» ብሎ መገኛዋን ይመዘግባል፤ በቤት ያለው መሣሪያም ባሉት ማጉያዎች ልክ ያንኑ መገኛ አስልቶ ያሰማል። መሣሪያው እንግዲህ አስተርጓሚ ነው። ማጉያው ያለ ቦታው ከተተከለ ትርጉሙ ይዛባል።

የአቀማመጡ ሥርዓት

ለዚህ ነው የአተካከሉ መመሪያ የሚጀምረው ከጣሪያው ሳይሆን ከተቀመጠው ሰው ጆሮ የሆነው። በ5.1.4 አሠራር፣ የመጨረሻው ቁጥር የላይኞቹን ማጉያዎች ብዛት ሲያመለክት፣ ሁለቱ ከአድማጩ ፊት ወደ ላይ በ45 ዲግሪ፣ ሁለቱ ከኋላው በዚያው ልክ ይተከላሉ። ስሌቱ ከባድ አይደለም። የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለል 1.20 ሜትር፣ ኮርኒሱ 2.70 ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 1.50 ሜትር ነው። ስለዚህ የፊቶቹ ከጆሮው 1.50 ሜትር ወደ ፊት፣ የኋላዎቹም 1.50 ሜትር ወደ ኋላ ይሆናሉ። ወርዳቸው ከፊት ከቆሙት ከግራና ከቀኝ ማጉያዎች ጋር ይስተካከላል። ሁለት ብቻ ከሆኑ ከአድማጩ ራስ በላይ ጥቂት ወደ ፊት፣ በ80 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጣሉ።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት የጎን ማጉያዎችን ከጣሪያው አጠገብ ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። ያን ጊዜ የታችኛውና የላይኛው ይቀላቀላሉ፤ ከፍታም ትርጉሙን ያጣል። የጎኖቹ በጆሮ ልክ ሲሆኑ ነው የላይኞቹ «ላይ» የሚሆኑት። ኮርኒሱን መብሳት በማይቻልበት ቤት ወደ ላይ የሚያሰማ ማጉያ ድምፁን ከጣሪያ አንጥሮ ይመልሳል፤ ይህ ግን ጠፍጣፋና ጠንካራ ኮርኒስ ይፈልጋል። በአቡጀዲ የተወጠረ ኮርኒስ ወይም ዘንበል ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ለዚህ አይመችም። ስስ ጣውላም በሚገባ ካልተጠበቀ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ተጨማሪ ድምፅ ያወጣል።

ከአዳራሽ ወደ አንድ ወንበር

ይህ ጉዞ ያስገኘው ነገር እንዳለ ሁሉ ያስቀረውም አለ። በቬኒስም ሆነ በኦሳካ ድምፁ የጉባኤ ነበር፤ እያንዳንዱ ከቆመበት ቦታ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በሳሎን ውስጥ ግን ስሌቱ የሚሠራው ለአንድ ወንበር ነው። አምስት ሰው ባለበት ቤት ልኩ የሚሰማው ለአንዱ ሲሆን፣ ከዳር የተቀመጠው ሕፃን ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ለእርሱ የቀረበውን ማጉያ ነው። ስለዚህ ማጉያዎቹን ሰፋ አድርጎ በሚያሰራጭ ዓይነት መምረጥና መለኪያውን ከአንድ ሰው ወንበር ይልቅ ከመቀመጫው ረድፍ መካከል መጀመር፣ የጋራ አድማጭነትን በመጠኑም ቢሆን ይመልሳል።

ከሁሉም በላይ የኪነ ጥበቡ ሰው የሚጠየቀው ጥያቄ አይለወጥም፤ ይህ ድምፅ ለምን ከላይ መጣ? ቫሬዝ መልስ ነበረው፤ ሽቶክሃውዘንም ነበረው። መልስ የሌለው ሥራ በመቶ ማጉያ ቢታጀብም ግርግር ብቻ ነው። መልስ ያለው አዘጋጅ ግን አንድም ማጉያ ባይኖረው፣ አንዱን ዘፋኝ ሰገነት ላይ አውጥቶ፣ ሌላውን ከበሩ አጠገብ አቁሞ አዳራሹን ሙሉ በድምፅ ሊገነባው ይችላል።