ባለእርምጃ ሞተር እና ራሱን አራሚ ሞተር

ስቴፐር ሞተር በአማርኛ ባለእርምጃ ሞተር ቢባል ስሙ ከሥራው ጋር ይገጥማል። ከመቆጣጠሪያው አንድ የኤሌክትሪክ ምት ሲደርሰው አንድ እርምጃ ተራምዶ ይቆማል። በብዛት የሚገኘው ዓይነት ሙሉ ዙር የሚጨርሰው በ200 እርምጃ ነው። በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር ከሚገፋ ብሎን ጋር ሲገጠም፣ አንዱ እርምጃ የመቁረጫ ማሽንን ጠረጴዛ 0.025 ሚሊ ሜትር ያንቀሳቅሳል።

ሰርቮ የሚባለው ሌላው የሞተር ዓይነት ግን ለትርጉም ያስቸግራል። ሥሩ ባሪያ ወይም አገልጋይ የሚል የላቲን ቃል ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዦዜፍ ፋርኮ የመርከብ መሪን በእንፋሎት ኃይል ለሚያዞር መሣሪያው ተጠቀመበት። «አገልጋይ ሞተር» ማለት አንባቢን አይረዳም፤ የማያገለግል ሞተር የለምና። ሰርቮን የሚለየው ኢንኮደሩ ነው፦ ዘንጉ የት እንደደረሰ ዘወትር ያሳውቃል፣ ሞተሩን የሚነዳው ድራይቨርም የታዘዘውን ከተደረሰበት ጋር እያስተያየ ልዩነቱን ያጠፋል። ስለዚህ «ራሱን አራሚ ሞተር» የተሻለ ፍቺ ነው፤ በወርክሾፕ ንግግር «ሰርቮ» ቢቀጥልም አይጎዳም።

ከሁለቱ ሞተሮች ምርጫውን የሚወስነውም ይኸው እርማት ነው። ለባለእርምጃው ትእዛዝ ይላካል እንጂ መፈጸሙ አይታይም። መቁረጫው ከብዶት ጥቂት እርምጃ ቢስት ማሽኑ ሳያውቅ ይቀጥላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቆረጠው ሁሉ በዚያው መጠን ይዛነፋል። ፍጥነት ሲጨምር አደጋው ይብሳል፤ ጉልበቱ በቆመበትና በዝግታ ሲሄድ ከፍተኛ ሆኖ፣ እየፈጠነ ሲሄድ ይወርዳልና። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሞተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ቆሞ የሚይዝበት ጉልበት ስለሆነ፣ መታየት ያለበት አምራቹ የሚያወጣው የፍጥነትና የጉልበት ሠንጠረዥ ነው።

ሰርቮ እስከተመደበለት ፍጥነት፣ ብዙ ጊዜ በደቂቃ እስከ 3000 ዙር፣ ጉልበቱን ይዞ ይዘልቃል። ከአቅሙ በላይ ሲሆንበትም ልዩነቱ ከተፈቀደው እንዳለፈ ማሽኑ እንዲቆም ያደርጋል። ውድ ብረት ለሚቆርጥ ይህ ባሕርይ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል። ሆኖም ሰርቮ ከጭነቱ ጋር ካልተስተካከለ ይንቀጠቀጣል፤ ለቀላል የእንጨት መቅረጫ ማሽን ባለእርምጃው ርካሽና በቂ ነው።

ኢንኮደር የተጨመረበት ባለእርምጃ ሞተርም አለ፤ «ራሱን አራሚ ባለእርምጃ» ሊባል ይችላል። የሳተውን እርምጃ ያውቃል፣ ያርማልም፤ በከፍተኛ ፍጥነት የሚጎድለውን ጉልበት ግን ኢንኮደሩ አይተካለትም።